ልጅ ላለበት ግቢ የምትሆን ዶሮ

ዶሮ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እንቁላል ትጥላለች?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግቢው ውስጥ ገና በዳዴ የሚሄድ ወይም ሮጦ የማይጠግብ ልጅ ካለ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድመዋል፤ ዶሮዋ ልጁን ትችለዋለች ወይ? እያባረረ ጅራቷን የሚይዛትን፣ ጥሬውን መሬት ላይ በመበተን ፈንታ አናቷ ላይ የሚያፈሰውን ልጅ ሳትነቁርና ሳትቧጭር የምትታገሥ ዶሮ አለች ወይ? አለች፤ መቀሌም ውስጥ ትገኛለች። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ዘሯን ብቻ አይቶ ሲገዛ ነው። ሴት ትሁን ወንድ፣ በስንት ዕድሜዋ ትምጣ፣ ሌሊት የት ትደር የሚሉት ነገሮች ይረሳሉ። እኔ እንደማምነው ለልጁ ደኅንነት ከዘሩ ስም ይልቅ እነዚህ ሦስቱ ይበልጣሉ። ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዘሩ ነውና እኛም ከዚያው እንጀምር።

ትግራይ ለዶሮ አዲስ አገር አይደለችም። በምሥራቃዊ ትግራይ፣ በጉሎ መኸዳ ወረዳ፣ መዝብር በሚባል ጥንታዊ መንደር በተደረገ ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። አርኪዮሎጂስቷ ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአጥንቱን ዕድሜ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት አካባቢ አድርሰውታል። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ቀደምት የዶሮ ቅሪቶች አንዱ ነው። ዛሬ በመቀሌው ገበያ በእዳጋ ሰኑይ እግሯ ታስሮ፣ ተዘቅዝቃ የምትሸጠው ገብስማ ወይም ቀይ ዶሮ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የመጣች ናት።

ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር መኖሯ ግን ለልጅ የምትመች አላደረጋትም። የሀበሻ ዶሮን የመረጣት ሰው ብቻ አልነበረም። ጭልፊት መርጧታል፤ ሸለምጥማጥም መርጧታል። ንቁ ያልሆነችው፣ ቶሎ ያልበረረችው፣ ጥላ ሲያልፍባት ያልደነገጠችው ዘር ሳትተካ አለቀች። የቀረችው ከ1 ኪሎ ብዙም የማትከብድ፣ የድንጋይ አጥር በአንድ ዝላይ የምታልፍ፣ እጅ ሲዘረጋባት የምትጮኽ ብልህ ወፍ ናት። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም ትታቀፋለች። ከልጅ ጋር የምትጋጨው ደግሞ በዚህ ጊዜ ነው። የታቀፈች ዶሮ እጅ ወደ ጎጆዋ ሲጠጋ ላባዋን አቁማ ትነቁራለች፤ ጫጩት የፈለፈለችዋማ ውሻም አይመልሳት። ልጅ ደግሞ ከምንም በላይ የሚወደው ጫጩት ነው። ባለቢጫ ላባዋን ጫጩት ሊያነሣ ጎንበስ ያለ ልጅ ፊቱ ከእናቲቱ ምንቃርና ጥፍር ጋር እኩል ይሆናል። እናትነቷ አያስወቅሳትም፤ ለመራቢያ የሚሆን ሰፊ ግቢ ላለው ገበሬ ከእርሷ የተሻለ የለም። ለሦስት ዓመት ሕጻን ግን አልመርጣትም።

የዶሮ የዋህነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጠባይ ነው። ስዊድን በሚገኘው የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ፔር የንሰንና ባልደረቦቹ የዶሮ ሁሉ ቅድመ አያት የሆነችውን ቀይ የጫካ ዶሮ ይዘው፣ ሰውን እምብዛም የማይፈሩትን ብቻ እየመረጡ ለተከታታይ ትውልድ አዳቀሏቸው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ከዚያም አልፎ አካላቸው ከፍ አለ፣ እንቁላላቸውም ተለቀ። ለእንቁላልና ለሥጋ ታስበው የተዳቀሉት የዛሬ ዶሮዎች በአብዛኛው ከሀበሻዋ ይልቅ ረጋ ያሉ መሆናቸው ከዚህ ጋር ይስማማል። ሺሕ ዶሮ በአንድ ቤት የሚያረባ ሰው የምትደነብር ዶሮ አይፈልግም፤ አንዷ ስትደነግጥ ሁሉም አንዱ ጥግ ላይ ተደራርበው ይተፋፈናሉና።

በውጭ አገር የሚታተሙ የዶሮ መጻሕፍት ለልጅ የሚመክሯቸው ዘሮች የታወቁ ናቸው፤ በእንግሊዝ አገር የተገኘችው ወፍራሟ ኦርፒንግተን፣ እግሯ ድረስ ላባ የለበሰችው ኮቺን፣ ላባዋ ሐር የሚመስለው ሲልኪ። ሦስቱም በእርግጥ የዋሆች ናቸው። ግን መቀሌ ውስጥ ከኲሓ እስከ ዓዲ ሓቂ ቢዞሩ ሻጭ አያገኙላቸውም። የማይገኝ ነገር ከመመኘት በእጅ ያሉትን መመዘን ይሻላል፤ በእጅ ያሉት ደግሞ በተለምዶ «የፈረንጅ ዶሮ» እየተባሉ በአንድ ስም የሚጠሩት ናቸው። አንድ ስም ቢሰጣቸውም ጠባያቸው አንድ አይደለም።

በየዋህነት አንደኛዋ ቡናማዋ እንቁላል ጣይ ናት፤ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን ትባላለች። ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ትከተላለች፤ ቀሚስ እየጎተተች ምግብ ትለምናለች። ልትጥል ስትቃረብ ደግሞ ሰው ከላይ ሲጠጋት ክንፏን ዘርግታ ዝቅ ትላለች። ያን ጊዜ ልጅም ቢሆን ያለ ትግል ያነሣታል። ብዙ ወላጅ ይህን ፍቅር አድርጎ ያየዋል፤ እርሷ ግን ለአውራ ዶሮ የምትሰጠውን ምላሽ ነው ለሰው የሰጠችው። ለማንኛውም ለልጁ ይመቻል። በመልካም አያያዝ በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ የመታቀፍ ጠባይዋ በምርጫ ስለጠፋ ጎጆ ጠብቃ አትነቁርም። ጉድለቷ አንድ ነው፤ ከግቢ በለቀመችው ብቻ አትኖርም። በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። የመኖ ዋጋ ሲወጣ ወይም አቅርቦቱ ሲቋረጥ መጀመሪያ የምትጎዳው እርሷ ናት፤ አጥንቷ እስኪሳሳ ድረስ መጣሏን አታቆምም።

ሁለተኛዋ ኮይኮክ ናት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ፖችፍስትሩም ከተማ የግብርና ኮሌጅ ውስጥ ነጭ ሌግሆርንን፣ ጥቁር አውስትራሎርፕንና ባለመስመሯን ፕሊማውዝ ሮክ በማዳቀል የተገኘች ናት። በአገራችን ያስፋፋት ቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ጥቁርና ነጭ መስመር እየተፈራረቀባት ወሰራ መልክ አላት፤ ከባድ ናት፤ አጥር መዝለል አይሆንላትም። በመልካም አያያዝ በዓመት እስከ 200 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ ግቢ ለግቢ እየጫረችም ራሷን ታግዛለች። ለልጅ ቤተሰብ የምወድላት ሌላ ነገር አለ፤ ጾታዋ በቀለሟ ይታወቃል። የወንዱ መስመር ፈዘዝ ያለ፣ ነጭ የሚበዛበት ነው፤ የሴቷ ጠቆር ይላል። ሳያውቁ አውራ ይዞ ወደ ቤት መግባት በኮይኮክ አስቸጋሪ ነው። በቡናማዋም ይህ ዓይነቱ መለያ አለ፤ ሴቷ ቡናማ ስትሆን ወንዱ ነጭ ሆኖ ያድጋል።

ሳሶ የፈረንሳይ ዝርያ ናት፤ ቀላ ያለች፣ ሥጋም እንቁላልም የምትሰጥ። የሳሶና የመቀሌ ነገር ሲነሣ አንድ ታሪክ መዝለል አይቻልም። ዛሬ በመላው አገሪቱ ጫጩት የሚያከፋፍለው ኢትዮ ቺክን ሥራውን የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ መቀሌ ውስጥ በነበረ የመንግሥት የዶሮ እርባታ ጣቢያ ላይ ነው። ከዚያ የወጣው አሠራር በብዙ ቦታ የተለመደ ሆኗል። የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊዎች ይሰጣል፤ እነርሱ እየከተቡ ከ45 እስከ 60 ቀን አሳድገው ለቤተሰብ ይሸጣሉ። ሳሶ፣ ኮይኮክና የተሻሻለችው የሆሮ ዶሮ፣ ሌሎችም ተጨምረው፣ ትግራይን ባካተተ ሰፊ ሙከራ በገበሬ ግቢ ተፈትነዋል፤ ሙከራውን የመራው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ነበር። ሳሶ ረጋ ያለች፣ ለመያዝ የማታስቸግር፣ በምግብ ፍቅሯ የምትታወቅ ናት። ከመጠን በላይ ከበላች ግን ትሰባና እንቁላል ትቀንሳለች፤ ልጅ በየሰዓቱ ዳቦ የሚቆርስላት ሳሶ በአጭር ጊዜ እንደ ቅል ትድበለበላለች።

ስለሚቀሩት ብዙ አልልም። ነጭ ሌግሆርን እንቁላሏ ብዙ ቢሆንም በርጋጊ ናት፤ በር ሲንኳኳ ጣሪያ ላይ ትገኛለች። ከግብፅ የመጣችው ፋዩሚ በሽታ ትቋቋማለች፤ በዚያው ልክ ዱር ዱር ትላለች። ሮድ አይላንድ ሬድ ሴቷ ደኅና ናት፤ ወንዱ በኃይለኝነቱ የታወቀ ነው። እንግዲህ መኖ ሳያቋርጡ መግዛት ለሚችሉ ቡናማዋ፣ ላልቻሉ ኮይኮክ፤ ፍርዴ ይህ ነው። መኖ አንድ ወር ተገኝቶ ሌላው ወር በሚጠፋበት ከተማ ብዙው ሰው ሁለተኛው ወገን ስለሆነ ኮይኮክን ነው አስቀድሜ የምመክረው።

አሁን ወደ አውራው እንምጣ። ልጅ ባለበት ግቢ አውራ ዶሮ አይኑር። «ያለ አውራ እንቁላል የለም» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ሴት ዶሮ ያለ ወንድ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ጫጩት አይወጣውም እንጂ ለመብል አንዳች አይጎድለውም። አውራው አምስት ወር ገደማ ሲሞላው ጠባዩ ይለወጣል። የሚገርመው ደግሞ በልጅ እጅ እየበላ ያደገው የባሰ መሆኑ ነው፤ ሰውን መፍራት ስላልለመደ ልጁን እንደ ሌላ አውራ ይቆጥረዋል። ጎኑን አዙሮ፣ አንድ ክንፉን መሬት እያስነካ ሲሽከረከር ልጅ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ፉከራ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዝላይ ነው፤ ከእግሩ ኋላ ያለው ሹል ጥፍር ደግሞ የሚያርፈው አዋቂን ጉልበቱ ላይ፣ ሕጻንን ፊቱ ላይ ነው። ከአንድ ቁና ጫጩት መካከል አውራ አምልጦ ከገባ ማባበሉ ትርፍ የለውም፤ መሸጥ ወይም ለበዓል ማዋል ነው።

ዕድሜዋ ስንት ይሁን? የአንድ ቀን ጫጩት ለልጅ መግዛት ያጓጓል፤ አልመክርም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያሻታል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው መቀሌ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ሌሊት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህን መጠበቅ ከባድ ነው። በዚያ ላይ ጫጩት በልጅ እጅ በቀላሉ ትጨፈለቃለች። ሙሉ ያደገች ዶሮ ደግሞ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደያዛት አይታወቅም። የሚሻለው የ45 ወይም የ60 ቀን ቄብ ናት። ክትባት ተቀብላለች፤ ራሷን ትችላለች፤ ገና ሰው ለመልመድ ጊዜ አላት።

ስለ ክትባት መጠየቅ ነውር አይደለም። ፈንግል የገባበት ግቢ በሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል። የፈንግል ክትባት የሚመረተው ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ለጫጩት በዓይን ጠብታ፣ ከፍ ስትል በውኃ ይሰጣል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መንገድም ባንክም በተዘጋ ጊዜ ትግራይ ከዚህ ዓይነቱ አቅርቦት ተቆርጣ ነበር። መቀሌ ውስጥ «ተከትባለች» የሚል ቃል ብቻ ሰምቶ ማመን አይገባም የምለው ለዚህ ጭምር ነው፤ በየትኛው ቀን፣ ምን ክትባት፣ ማን ከተበ ብሎ መጠየቅ፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ከሻጩ ጎጆ ፊት ሲደርሱ ቶሎ አይምረጡ። ራቅ ብለው ቆመው ጥቂት ይዩ፤ ከዚያ እጅዎን በዝግታ ያስገቡ። እየጮኸች ጥግ ላይ የምትላተመውን ይለፏት። መጥታ ጣትዎን የምትመረምረውን ወይም ቦታዋን ሳትለቅ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምታይዎትን ይያዙ። ከሁሉ ጸጥተኛዋን ግን ይጠርጥሩ። ክንፏ የወረደ፣ ዓይኗ የተጨፈነ፣ ኩሷ አረንጓዴ የሆነ ዶሮ ጨዋ ሆና አይደለም፤ ታማ ነው። ብዙ ሰው የታመመችውን «እንዴት ያለች የዋህ ናት» ብሎ ይዞ ይሄዳል፤ በአራተኛው ቀን ልጁ የሞተች ዶሮ ያገኛል።

ስንት ይግዙ? ከሦስት እስከ አምስት። አንዲት ዶሮ ብቻዋን ትጨነቃለች፤ አሥር ደግሞ ለተራ ግቢ ብዙ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕድሜ መግዛት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ አንድ ኖርዌያዊ ልጅ ያስተዋለው ነገር ነው። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ገና ልጅ ሳለ የቤተሰቡን ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር እያየ ይመዘግብ ነበር። አድጎ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ዶሮዎች በመካከላቸው የማያሻማ የማዕረግ ደረጃ እንዳላቸው አሳየ፤ አንደኛዋ ሁሉን ትነቁራለች፣ የመጨረሻዋን ሁሉም ይነቁሯታል። አዲስ ዶሮ በየወሩ ሲጨመር ይህ ደረጃ በየጊዜው ይፈርሳል፤ ግቢው በጠብ ይሞላል። ልጁም በመካከል ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ለተሸነፈችዋ አዝኖ ነው የሚገባው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ካለዎት ደብተር ይስጡትና የራሱን ዶሮዎች ደረጃ ይጻፍ። ከማባረር የሚያድነው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ማላመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዘዴው ግን ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ አይያዛት። አዋቂው በዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁን ከጎኑ አድርጎ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ጥሬ ይበትን፤ መጀመሪያ ራቅ አድርጎ፣ እየዋለ እያደረ ቀረብ አድርጎ፣ በመጨረሻ ከመዳፍ። ዶሮ ከላይ የሚመጣባትን ነገር ሁሉ ጭልፊት ታደርገዋለች፤ ስለዚህ እጅ ከታች፣ ከፊት ለፊቷ ይምጣ። ሲያነሧት ክንፎቿ በሁለት እጅ ገጠም ተደርገው፣ እግሯ ከሥር ድጋፍ አግኝቶ ይሁን። እግሯን ይዞ መዘቅዘቅ በገበያ የተለመደ ቢሆንም ልጅ እንዳይማረው፤ የተዘቀዘቀች ዶሮ ዝም የምትለው ደኅና ስለሆነች ሳይሆን ስለፈራች ነው። ከልጁ ፊት አጠገብ ግን አትቀመጥ። ክፋት ባይኖራትም የሚያብረቀርቅ ነገር ትለቅማለች፤ የጆሮ ጉትቻ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ዓይንም ያብረቀርቃል።

እስካሁን የተነጋገርነው ልጁን ከምንቃርና ከጥፍር ስለማዳን ነው። ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን ከየዋህዋ ዶሮ ራሷ ይመጣል። የምትሸሸዋን ዶሮ ልጅ አይስማትም፤ የማትሸሸዋን ያቅፋታል፣ ይስማታል፣ አብሯት ይተኛል። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የተባሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን በኩሷና በላባዋ ልትይዝ ትችላለች። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዶሮና ጫጩት እንዳይነኩ ይመክራል። መቀሌ ላይ ይህን በሙሉ መጠበቅ ያስቸግር ይሆናል፤ ትንሹ ልጅ ጥሬ ይበትን፣ ይይ፣ ይሣቅ፤ ማቀፉ ከፍ እስኪል ይቆየው። የነካ ሁሉ ደግሞ በሳሙና ይታጠብ። ውኃ በበርሜልና በጀሪካን በሚቆጠብበት ከተማ ይህ ቀላል ትእዛዝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዶሮው ቤት በር ላይ በተንጠለጠለ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተቀመጠ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ ክዳኑ ከተበሳ፣ ለብዙ እጅ ይበቃል።

ስለ ማደሪያዋ ለኢትዮጵያ በተለይ የተሠራ ጥናት አለ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የኢትዮጵያን የገጠር ቤተሰቦች መረጃ መረመሩ። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የልጆቹ ቁመት ዝቅ አለ። መረጃው ግንኙነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ኩስ ባለበት ወለል ላይ የሚድኽና እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ሕጻን ላየ ሰው ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የዘር ምርጫ ላይ ወር ሙሉ የሚከራከር ቤተሰብ ዶሮዎቹን ወጥ ቤት ቆጥ ላይ የሚያሳድር ከሆነ ክርክሩ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ቤቷ ለብቻው ይሠራ፤ ዶሮ ከመግዛት በፊት። ለአራት ዶሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማደሪያ ይበቃል፤ ቀን ቀን የምትጭርበት ቦታ ግን ሰፋ ይበል። ወለሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሸለምጥማጥም እርጥበትም አይደርሱባትም። ጀርባው ነፋሱ ወደሚመጣበት ይዙር፤ የመቀሌ ነፋስ በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲገባ ዶሮ ያሳምማል። ከላይ በኩል ግን አየር መውጫ ይኑረው፤ የኩስ ሽታ ከብርድ ይልቅ ሳንባቸውን ይጎዳል። የመቀመጫው እንጨት ከፍታ ለከባዶቹ ለኮይኮክና ለሳሶ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሲወርዱ እግራቸውን ይሰብራሉ። ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ ይሁን። አንድ ጥግ ላይ አመድ የተቀላቀለበት አፈር ቢደረግላቸው በራሳቸው እየተንከባለሉ ቅንቅን ያራግፋሉ፤ ልጆች ደግሞ ይህን ማየት ከቴሌቪዥን ይልቅ ይወዳሉ። የእንቁላል ቅርፊት እንዲጠነክር ካልሲየም ያስፈልጋል፤ መቀሌ የቆመችው በኖራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ በደቃቁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ማግኘት አይቸግርም። የተቀቀለ እንቁላል ቅርፊት ደርቆና ደቆ ቢሰጣቸውም ይሆናል፤ ሳይደቅ ከተሰጠ ግን የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

ይህ ሁሉ ድካም መልሶ ለቤት ይተርፋል፤ እንቁላሉን የሚበላው ልጁ ነው። በኢኳዶር የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ሕጻናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል መስጠት መቀንጨርን በ47 በመቶ ቀነሰ ብሏል። በማላዊ ሲደገም ግን ያ ውጤት አልታየም። እንቁላል ተአምር አይሠራም፤ ጥሩ ምግብ መሆኑ ግን አያከራክርም። ጾም ሲገባ ዶሮዎቹ አይጾሙም፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ አራት ኮይኮክ ከመቶ የማያንስ እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። በልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስለማይጾሙ፣ አዋቂው በማይበላበት ወቅት የልጁ ድርሻ ይበዛል። የተረፈው ይሸጣል፤ ለመኖው ይሆናል።

ሌላው ይቅር እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በኪራይ ቤት፣ በጋራ ግቢ የሚኖር ቤተሰብ ከጎረቤት ሳይመክር ዶሮ አያስገባ። የእርስዎ ልጅ ከዶሮ ቢጠነቀቅም የጎረቤት ሕጻን በዚያው ግቢ ይድኻል፤ ኩስም የማንን በር እንደሚያረክስ አይመርጥም። እንቁላል ይዞ ሄዶ አስቀድሞ መነጋገር ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። ዶሮዎቹ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እንቁላል መቀነሳቸው አይቀርምና ያን ጊዜ ምን እንደሚሆኑም አስቀድሞ ለልጁ ይነገረው፤ ዶሮ የሚታረድ እንስሳ መሆኑን የትግራይ ልጅ አያጣውም፤ የሚያስለቅሰው ድንገት ሲሆንበት ነው። ልጁ ስም ያወጣላትን ዶሮ ግን ለፋሲካ ድስት አያስቡ፤ ለበዓሉ ከእዳጋ ሰኑይ ሌላ ይግዙ።